የሃይድሮሊክ ተዳፋት

በቧንቧ የሚፈስ ውኃ በሰበቃ ምክንያት በእያንዳንዱ ሜትር ርዝመት የሚያጣው የግፊት ከፍታ ነው። ለምሳሌ ነጭና ጥቁር አባይ የሚገናኙባት ካርቱም ከባሕር ጠለል በላይ 380 ሜትር ገደማ ላይ የተንጣለለች ሜዳማ ከተማ በመሆኗ፣ ውኃን ወደ ቤቶች የሚገፋው በዋናነት የመሬት ቁልቁለት ሳይሆን የፓምፕና የውኃ ማማ ኃይል ነው። በመስመሩ ጫፍ ግፊት ሲያንስ ፓምፑን ማጠናከር በቂ ይመስላል፤ ነገር ግን በዚያው ቧንቧ ፍሰቱ እጥፍ ሲሆን የግፊት ብክነቱ ወደ 4 እጥፍ ይጠጋል። በአንጻሩ ፍሰቱ ሳይለወጥ ዲያሜትሩ እጥፍ ቢሆን ብክነቱ ወደ 1/32 ይወርዳል። ሰፊ ቧንቧ ውድ ነው የሚለው ተቃውሞ እውነት አለው፤ ሆኖም የቧንቧው ዋጋ አንዴ ሲከፈል፣ የሚባክነው ኃይል ፓምፑ በሠራ ቁጥር ይከፈላል። በ2023 እ.ኤ.አ. በሱዳን ጦርነት የካርቱም ባሕሪ የውኃ ማጣሪያ ጣቢያ ሲቆም እንደታየው ግን፣ ግፊቱ ከምንጩ ከጠፋ ስፋት ብቻውን አያድንም።