የገጠሩ እንደራሴ፤ ከባለመሬት ወንበር እስከ ሶፊ ገበሬ ድምፅ

የሶፊ ገበሬ ምርቱን ጭኖ ወደ ሐረር ገበያ ሲመላለስ ብዙ ዘመን አስቆጥሯል። በጁገል በሮች ማሽላውና ጫቱ ገብቷል፤ ሕግ ወደሚወጣበት አዳራሽ ግን ድምፁ የገባው እጅግ ዘግይቶ ነው።

የአገሪቱ የመጀመሪያ ሕገ መንግሥት ሐምሌ 9 ቀን 1923 ዓ.ም. ታወጀ። ያረቀቁት በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ቀደም ሲል ጅጅጋንና ጨርጨርን ያስተዳደሩ በመሆናቸው ለሐረርጌ ገበሬ ኑሮ እንግዳ አልነበሩም። ይሁን እንጂ ሕገ መንግሥቱ የሕግ መምሪያ ምክር ቤት አባላትን የመምረጥ ሥልጣን ለመኳንንትና ለሹማምንት ሰጠ። ሕዝቡ ራሱ ለመምረጥ እስኪበቃ ይቆይ ተባለ።

ቆይታው ከሩብ ምዕተ ዓመት በላይ ሆነ። ጥቅምት 24 ቀን 1948 ዓ.ም. ሕገ መንግሥቱ ተሻሻለ፤ በ1950 ዓ.ም. መጀመሪያም ሕዝብ እንደራሴውን ለመጀመሪያ ጊዜ መረጠ። የፖለቲካ ፓርቲ አልነበረም። ዕጩ ለመሆን ንብረት ማስመዝገብ ግድ ስለነበር ጭሰኛው ድምፅ ቢሰጥም ራሱ ለመመረጥ አልበቃም። እንደራሴው ለገበሬው ቢያስብ እንኳ ረቂቁ ንጉሠ ነገሥቱ በሚሾሟቸው የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት አባላት ፊት ማለፍ ነበረበት።

የዚህ አሠራር ውጤት በጭሰኝነት ሕግ ላይ ታየ። በየካቲት 1957 ዓ.ም. ተማሪዎች «መሬት ለአራሹ» እያሉ ወደ ፓርላማው ተሰለፉ። በ1958 ዓ.ም. የመሬት ይዞታን የሚመለከት ሚኒስቴር ተቋቋመ። የባለመሬቱንና የጭሰኛውን ግንኙነት የሚደነግገው ረቂቅ ግን አብዮቱ እስኪፈነዳ ድረስ ሳይጸድቅ ቀረ።

ፓርላማው በመስከረም 1967 ዓ.ም. ተበተነ። በዚያው ዓመት የካቲት 25 ቀን የገጠር መሬት የሕዝብ ሆነ፤ ለአንድ ቤተሰብም እስከ 10 ሄክታር ተፈቀደ። ገበሬው ለዘመናት የጠበቀው ሕግ የመጣው እንደራሴ በሌለበት ጊዜ መሆኑ የታሪክ አጋጣሚ ነው። በሰኔ 1979 ዓ.ም. 835 መቀመጫ ያለው ብሔራዊ ሸንጎ ሲመረጥ ገበሬዎችም አዳራሽ ገቡ። ዕጩዎቹን ያቀረቡት ግን ፓርቲው፣ የብዙኃን ድርጅቶችና ሠራዊቱ ነበሩ። በ1982 ዓ.ም. የቅይጥ ኢኮኖሚ ፖሊሲ ሲታወጅ በርካታ የአምራቾች ኅብረት ሥራ ማኅበራት በአጭር ጊዜ ፈረሱ። በአባላቱ ሙሉ ፈቃድ ያልተመሠረተ ማኅበር ምን ያህል እንደሚጸና ይህ አሳይቷል።

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት ሐረሪን ክልል አደረገ። የክልሉ ምክር ቤት 36 መቀመጫዎች አሉት። ከእነዚህ 14ቱ የሐረሪ ብሔራዊ ጉባኤ፣ 22ቱ የሕዝብ ተወካዮች ጉባኤ ናቸው። በ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ ከክልሉ 183,415 ነዋሪዎች ከመቶ 46 ያህሉ በገጠር ይኖሩ ነበር። ሶፊ ከኤረርና ከድሬ ጥያራ ጋር ከሦስቱ የገጠር ወረዳዎች አንዱ ነው። ስለዚህ በምክር ቤቱ የገጠሩ ጥያቄ የትርፍ ጊዜ አጀንዳ ሊሆን አይገባውም። የመስከረም 20 ቀን 2014 ዓ.ም. ምርጫም የክልሉ ሕዝብ ተወካዮቹን በድምፁ የመረጠበት ዕለት ነበር።

ዛሬ እንደራሴ ለመሆን የመሬት ሀብት አይጠየቅም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 12 መራጩ አመኔታ ካጣበት ተመራጩን ከቦታው የማንሣት መብት ይሰጣል። ይህ መብት ወረቀት ላይ እንዳይቀር መራጩ በመንገድ፣ በውኃና በግብዓት ጉዳይ ቃል የተገባለትንና የተፈጸመውን ለይቶ ማወቅ አለበት።

ለዚህ ኅብረት ሥራ ጥሩ ትምህርት ቤት ነው። በአዋጅ ቁጥር 147/1991ም ሆነ እርሱን በተካው 985/2009 መሠረት የመሠረታዊ ማኅበር አባል ዕጣው ቢበዛም ቢያንስም ድምፁ አንድ ነው። አባሉ በጠቅላላ ጉባኤ ሪፖርት ያደምጣል፣ ኦዲት ይጠይቃል፣ ያላመነበትን የሥራ አመራር ኮሚቴ ያወርዳል። የማኅበሩን ሒሳብ መመርመር የለመደ ገበሬ የክልሉን በጀት ለመጠየቅ አይፈራም። ትናንት በባለመሬት ወንበር ሥር ተዳፍኖ የቀረው ረቂቅ የሚያስተምረውም ይህንኑ ነው፤ ጠያቂ የሌለው ወንበር ለተቀመጠበት ብቻ ያገለግላል።