አሠሪ የሌለው ሠራተኛ፤ የአካል ጉዳተኛ ገበሬዎች ድጋፍ አጀማመር በአሜሪካ



ለይቼ ካልተናገርሁ በቀር የምጠቅሳቸው ዓመታት እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።

በ1990 በአሜሪካ የአካል ጉዳተኞችን ሕይወት የሚነኩ ሁለት ሕጎች ወጡ። አንደኛውን ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ፤ በሐምሌ ወር የተፈረመው የአሜሪካ አካል ጉዳተኞች ሕግ ነው። ሁለተኛው በኅዳር የጸደቀው የግብርና ሕግ ሲሆን፣ በዚያ ግዙፍ ሰነድ ውስጥ አንቀጽ 1680 የሚባል አጭር ድንጋጌ ይገኛል። ስለ መጀመሪያው ብዙ ተጽፏል። እኔ ግን ወደ ገበሬው ደጅ የደረሰው ሁለተኛው ነው እላለሁ።

የመጀመሪያው ሕግ ስለ ሥራ ሲደነግግ የሚያዝዘው አሠሪን ነው፤ ያውም ቢያንስ 15 ሠራተኞች ያሉትን። የራሱን መሬት የሚያርስ ሰው ግን አሠሪውም ሠራተኛውም ራሱ ነው። ታዲያ ማንን ይክሰስ? እኛም ዘንድ ስለ አካል ጉዳተኞች የሥራ ስምሪት መብት የወጣው አዋጅ ቁጥር 568/2000 (ይህ በእኛው አቆጣጠር ነው) በአሠሪና በሠራተኛ ላይ የቆመ በመሆኑ፣ ሞፈር ቀንበሩን ተሸክሞ ወደ ማሳው የሚወጣው አርሶ አደር ራሱን እዚያ አያገኝም። የሕግ ተማሪዎች ቢከራከሩኝ ደስ ይለኛል።

ከዚያ በፊት ድጋፍ ፈጽሞ አልነበረም ማለት አይደለም። በ1920 የወጣው የሙያ ተሐድሶ ሕግ ጉዳት የደረሰበትን ሰው ገቢ ወደሚያስገኝ ሥራ ለመመለስ የታሰበ ነበር። ለገበሬ ሲሆን ግን ምክሩ ብዙ ጊዜ «እርሻውን ተውና ሌላ ሙያ ተማር» ነበር። ምክሩ ከክፋት የመነጨ አይመስለኝም፤ የተሐድሶ አማካሪው ስለ ትራክተርና ስለ ከብት በረት የሚያውቀው ጥቂት ነበር። ሆኖም እርሻውን የተወ ገበሬ የሚያጣው ሥራውን ብቻ ሳይሆን ቤቱንና ከአባቱ የወረሰውን መሬት ጭምር ነው።

መንገዱ የተከፈተው በ1979 በኢንዲያና ግዛት፣ በፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ነው። ህብለ ሰረሰሩ የተጎዳ አንድ ገበሬ ወደ ሥራው ለመመለስ እርዳታ ጠየቀ፤ ፕሮፌሰር ዊልያም ፊልድና ባልደረቦቻቸውም የግብርና ምሕንድስና ዕውቀታቸውን ለዚህ አዋሉት። ማዕከላቸውን «ብሬኪንግ ኒው ግራውንድ» አሉት፤ ጠፍ መሬት ማረስ እንደ ማለት ነው። አሠራራቸው ሥራውን በየደረጃው መመርመር ነበር። ሰውየውን ያገደው ትራክተሩ ላይ መውጣት ከሆነ ከተሽከርካሪ ወንበሩ አንሥቶ መቀመጫው ላይ የሚያደርሰው ማንሻ ይገጠማል፤ ፍሪሲዮንና ፍሬን መርገጥ ካልቻለ መቆጣጠሪያው ወደ እጅ ይዛወራል፤ ለከብት አርቢው በረት መክፈትና መዝጋት ቢያስቸግረው በሩ በራሱ የሚከፈት ይሆናል። በአርትራይተስ ጉልበቱ ለታመመ ሽማግሌ አንዲት ተጨማሪ መረገጫ ብቻ ትበቃው ይሆናል።

አንቀጽ 1680 ይህን ልምድ ብሔራዊ አደረገው። በ1991 «አግራቢሊቲ» የተባለው መርሐ ግብር በስምንት ግዛቶች ሥራ ጀመረ። ሕጉ የዩኒቨርሲቲ የኤክስቴንሽን አገልግሎት ለአካል ጉዳተኞች ከቆመ በጎ አድራጎት ድርጅት ጋር እንዲጣመር ያስገድዳል። ይህ ብልህ ውሳኔ ነበር፤ ከ1914 ጀምሮ የኤክስቴንሽን ባለሙያ የገበሬውን ደጅ ያውቃልና። ያው ሥርዓት በኦክላሆማ ኮሌጅ በኩል ወደ ዓለማያም መጥቶ ነበር፤ ይህኛው ቅርንጫፍ ግን ገና አልበቀለም ነበርና አብሮ አልመጣም።

ድክመቱን ልደብቅ አልሻም። አግራቢሊቲ ማሳው ድረስ ሄዶ ይመክራል እንጂ መሣሪያውን አይገዛም። ለማንሻው የሚያስፈልገው ገንዘብ የሚጠየቀው በአብዛኛው ከግዛቱ የሙያ ተሐድሶ መሥሪያ ቤት ነው፤ ማለትም ቀድሞ «እርሻውን ተው» ይል ከነበረው ቢሮ። ልዩነቱ ገበሬው አሁን ማሳውን ያየ ባለሙያ የጻፈለትን ምክረ ሐሳብ ይዞ መግባቱ ነው። በጀቱም በውድድር ለተወሰኑ ዓመታት የሚሰጥ በመሆኑ መርሐ ግብሩ በአንድ ጊዜ በሁሉም ግዛቶች ተዳርሶ አያውቅም። ግዛቱ ውድድሩን ያላሸነፈለት ገበሬ፣ ከወሰኑ ማዶ ያለው ጎረቤቱ የሚያገኘውን ጉብኝት በመብት ሊጠይቅ አይችልም።