አንድ ሸማ፣ ብዙ አለባበስ

አማርኛ «ልብስ» እና «አለባበስ» የሚሉትን ሁለት ቃላት ከአንድ ሥር ያውጣቸው እንጂ በትርጉም ለይቷቸዋል፤ የመጀመሪያው ሰው የሚለብሰውን ነገር ሲጠራ፣ ሁለተኛው የሚለብስበትን መንገድና ወግ ይናገራል። የደጋው ኢትዮጵያ ወንዶች የልብስ ታሪክም በዚሁ ልዩነት በኩል ሲታይ ይበልጥ ይገለጣል፤ እስከ ሃያኛው ክፍለ ዘመን መባቻ ድረስ ገበሬውም ባላባቱም፣ ነጋዴውም ወታደሩም በመሠረቱ ከአገር ጥጥ የተሸመነ ነጭ ሸማ ሲለብሱ፣ ማዕረጋቸውንና ለሌላው ሰው ያላቸውን አክብሮት የሚያሳዩት በአብዛኛው ሸማውን በሚያጣፉበት፣ በሚያወርዱበትና በሚያስሩበት አኳኋን ነበር። ይህ ሥርዐት ለኮትና ለባርኔጣ ቦታውን ሲለቅ፣ በየሰዓቱ በትከሻ ላይ ሲነገር የኖረ አንድ ቋንቋም አብሮት ተዳክሟል።

ሸማ የሚለው ስም በእጅ ለተሸመነ የጥጥ ልብስ ሁሉ የሚሰጥ ሲሆን፣ በድርቡ ብዛትና በፈትሉ ቅጥነት ልዩ ልዩ መጠሪያ ይይዛል። ኩታ ከቀጭን ፈትል ተሠርቶ ጫፉ ላይ ጥለት፣ ማለትም በቀለም ክር የተሸመነ መስመር፣ የሚጣልበት የክት ልብስ ነው፤ «ክት» የሚባለው ለበዓል፣ ለሠርግና ለቤተ ክርስቲያን ተጣጥፎ የሚቀመጠው ሲሆን፣ ለሥራና ለዘወትር የሚለበሰው ደግሞ «አዘቦት» ይባላል። ጋቢ አራት ድርብ ሆኖ የደጋን ብርድ የሚመክት፣ ቀን ልብስ ሌሊት መኝታ የሚሆን ነው፤ ቡልኮም ከጋቢ የወፈረ፣ ለብርቱ ብርድ የሚፈለግ ነው። ሰፊ ቀይ ጥለት ያለው ጃኖ ግን የመኳንንትና የታላላቅ ሰዎች ምልክት ሆኖ ከሌሎቹ ይለያል።

ይህን ልብስ መሥራት የብዙ ሰው እጅ ይጠይቃል። ጥጡ ተዳምጦ ፍሬው ከወጣለት በኋላ በደጋን ይነደፋል፤ ደጋን ጅማት የተወጠረበት ቀስት መሰል መሣሪያ ሲሆን፣ ጅማቱ በተመታ ቁጥር ጥጡ እየተፍታታ እንደ አረፋ ይነሣል። ከዚያ ሴቶች በእንዝርት ፈትለው ልቃቂቱን ለሸማኔ ይሰጣሉ፤ ሸማኔውም እግሩን መሬት ውስጥ በተቆፈረ ጉድጓድ ሰዶ፣ ቁመቱን ድር ወጥሮ፣ ማጉን በመወርወሪያ ከቀኝ ወደ ግራ፣ ከግራ ወደ ቀኝ እየወረወረ ይሸምናል። የጨርቁ ወርድ የሸማኔው ሁለት እጆች መወርወሪያውን ሊቀባበሉ በሚችሉበት ርቀት የተወሰነ በመሆኑ፣ ሰፊ ጋቢ የሚገኘው የተሸመነውን ጨርቅ ጎን ለጎን በመስፋትና በመደረብ ነው። አንድ ወንድ በትከሻው ላይ የሚጥለው ጋቢ፣ እናቱ ወይም ሚስቱ ብዙ ምሽት እንዝርት ያሾረችበት የቤት ታሪክ ጭምር ነበር።

ሸማኔውን በተመለከተ ግን የቀደመው ኅብረተሰብ ከባድ በደል ፈጽሟል፤ እጁ ያወጣውን ልብስ በክብር እየለበሰ ባለሙያውን ይንቅ፣ የሙያውን ስምም ስድብ አድርጎ ይጠቀምበት ነበር። አፄ ምኒልክ ባለሙያን በሙያው መስደብን የሚከለክል አዋጅ ማስነገራቸው ንቀቱ ምን ያህል ሥር የሰደደ እንደነበር ያመለክታል። ከጋሞ ደጋማ ምድር የመጡ የዶርዜ ሸማኔዎች በአዲስ አበባ፣ በተለይ በእንጦጦ ሥር በሽሮ ሜዳና በጉለሌ አካባቢ፣ ሰፍረው የከተማይቱን የክት ልብስ ዛሬም ድረስ መሸመናቸው፣ አገሪቱ የምትኮራበት ነጭ ልብስ ለእነማን ባለዕዳ እንደሆነ ሊዘነጋ እንደማይገባ ያሳስባል።

ሸማው ከተገኘ በኋላ ቁም ነገሩ አለባበሱ ነበር። ከ1835 እስከ 1838 ዓ.ም. ድረስ በሰሜን ኢትዮጵያ የኖረው እንግሊዛዊ ማንስፊልድ ፓርኪንስ የአገሬውን ልብስ ለብሶ፣ በባዶ እግሩ ሄዶ፣ ጠጉሩንም ቅቤ ተቀብቶ በመኖሩ ይህን ሥርዐት ከውስጥ ሊያውቀው ችሏል፤ እ.ኤ.አ. በ1853 ባሳተመው መጽሐፉም ሰው ከበላዩ፣ ከእኩያውና ከበታቹ ጋር ሲገናኝ ሸማውን የሚለብስበት መንገድ እንደሚለያይ በዝርዝር ጽፏል። ከዚህ ሥርዐት ዋነኛው ማደግደግ ነው። አንድ ሰው ወደ ሹም ወይም ወደ ጌታው ሲቀርብ ትከሻውን የሸፈነውን ሸማ ያወርዳል፣ ጫፉን በብብቱ ሥር አዙሮ ወገቡ ላይ ይጠመጥመዋል፣ ከዚያም ያስረዋል፤ እጆቹና ደረቱ ስለሚገለጡ ለመታዘዝ ዝግጁ መሆኑን፣ የደበቀው መሣሪያም እንደሌለ በአንድ ጊዜ ያሳያል። በአንጻሩ ጌታው ሸማውን እስከ አፍንጫው ድረስ ተከናንቦ ይቀመጣል፤ ያልተገለጠ አፍ የማዕረግ ምልክት ነበርና።

ይኸው አንድ ጨርቅ ሌላም ብዙ ይናገር ነበር። ምእመኑ ቤተ ክርስቲያን ሲገባ ሁለቱን ጫፎች በትከሻዎቹ ላይ አመሳቅሎ በመስቀል ምልክት ያጣፋዋል፤ ሐዘን የደረሰበት ዘቅዝቆ ይለብሰዋል፣ ማለትም ታች መውረድ የሚገባውን ጥለት ወደ ላይ ወደ አንገቱ ያደርገዋል፤ መንገድ የሚሄደውና የሚያርሰው ወገቡን ይታጠቅበታል። በፍርድ ነገርም ከሳሽና ተከሳሽ ዳኛ ፊት እስኪቀርቡ ድረስ የሸማቸው ጫፍ እርስ በርስ ይቋጠርና አብረው ይሄዱ ነበር፤ አንዱ ከሌላው ጋር ታስሮ የሚቆይበት ይህ ሥርዐት ቁራኛ ይባላል። ሥርዐቱ ከቀረ ዘመን ቢቆጠርም ቃሉ እስከ ዛሬ ከአንድ ነገር የማይላቀቅን ሰው ለመግለጽ ያገለግላል፤ የሚዋሰኑ ማሳዎችም «ኩታ ገጠም» እየተባሉ ይጠራሉ። ልብስ ከትከሻ ወርዶ በቋንቋ ውስጥ መቅረቱን የሚያሳይ ከዚህ የበለጠ ምስክር አይገኝም።

ከሸማው በላይ የሚደረበው ልብስ ግን የተለየ ሕግ ነበረው፤ አለባበሱ ሳይሆን የማግኘቱ መብት ይቆጠር ነበር። ሐር ቀሚስ፣ በወርቅ የተጠለፈ ካባ፣ ከአንበሳ ጎፈር ወይም ከከፋይ የተሠራ ለምድ በገበያ ተገዝተው እንደ ፈቃድ የሚለበሱ አልነበሩም፤ ንጉሥ ወይም ታላቅ መኮንን ለጀግንነት፣ ለሹመት ወይም ለታማኝነት ሲል የሚያለብሳቸው ነበሩ። «ሸለመ» የሚለው ግስ ማስጌጥንም ዋጋ መስጠትንም በአንድነት መያዙ ከዚህ ልማድ ጋር ይስማማል። ከዚህ ሥርዐት ትንሽ ወጣ የሚለው በርኖስ ነው፤ በተለይ እንደ መንዝ ባሉ ብርዳም አገሮች ከጥቁር በግ ጠጉር ተሸምኖ፣ በአንድ ትከሻው ላይ ሹል ብሎ የሚቆም፣ ዝናምና ውርጭ የማይበግረው ካባ ሲሆን፣ ኋላም የመኳንንቱ የዘወትር ልብስ ለመሆን በቅቷል። ይሁን እንጂ ትልቅነት ሁልጊዜ በተደራረበ ልብስ አይገለጥም ነበር፤ ከ1847 እስከ 1860 ዓ.ም. የነገሡት አፄ ቴዎድሮስ ከወታደሮቻቸው ብዙም የማይለይ ተራ ልብስ ይለብሱ እንደነበር በዘመኑ ያዩአቸው የውጭ አገር ሰዎች መስክረዋል።

ጠጉርም እንደ ልብስ ሥርዐት ነበረው። ሕፃን ወንድ ራሱ ተላጭቶ መሐል አናቱ ላይ ቁንጮ ይተውለታል፤ ጎልማሳው ገበሬ አብዛኛውን ጊዜ አሳጥሮ ይቆረጣል ወይም ይላጫል፤ ጦረኛው ግን ጎፈሬ ያሳድጋል፣ ወይም ሹርባ ይሠራል። አፄ ቴዎድሮስም ሆኑ አፄ ዮሐንስ 4ኛ በዘመናቸው በተሠሩ ምስሎች የሚታዩት በሹርባ ነው። ለጋ ቅቤ መቀባት ጠጉርን ከፀሐይና ከድርቀት ይጠብቃል፤ ጎፈሬውን የሚያፍታታውም ሚዶ የተባለው ጥርሰ ረጅም የእንጨት ማበጠሪያ ነው። በሐዘን ጊዜ ጠጉር ይላጫል፤ ጌጥን ከራስ ላይ ማውረድ ራሱ ልቅሶ ነበርና። በ1928 ዓ.ም. ጣሊያን አገሪቱን ሲይዝ ወደ ዱር የወረዱት አርበኞች ያሳደጉት ጎፈሬ ከነጻነት በኋላ የአርበኝነት መለያ ሆኖ የቀረ ሲሆን፣ በየዓመቱ ሚያዝያ 27 ቀን በሚከበረው የድል በዓል ላይ ከለምድና ከጋሻ ጋር ይታያል።

የንጽሕና መሣሪያዎቹም ከደጅ የሚለቀሙ ነበሩ። ጥርስ በመፋቂያ፣ ማለትም ጫፉ እየታኘከ እንደ ብሩሽ በሚላላ ቀጭን እንጨት፣ ይጸዳል፤ ነጩን ሸማ ነጭ አድርጎ ያቆየው ደግሞ እንዶድ ነው። የእንዶድ ፍሬ ደርቆ ሲወቀጥና በውኃ ሲበጠበጥ እንደ ሳሙና አረፋ ይሰጣል። ኢትዮጵያዊው ሳይንቲስት ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 በዓድዋ አካባቢ በእንዶድ ልብስ ከሚታጠብበት ወንዝ በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው በማየታቸው፣ ፍሬው የቢልሃርዚያን በሽታ የሚያስተላልፉትን ቀንድ አውጣዎች እንደሚገድል ለማረጋገጥ በቅተዋል። ሸማን ሲያነጻ የኖረ የቤት ዕውቀት በዚህ መንገድ ለዓለም ሳይንስ ተርፏል።

ትልቁ ለውጥ የተጀመረው አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከተመሠረተች በኋላ ነው። አፄ ምኒልክ በራስ ማሰሪያ ነጭ ሻሻቸው ላይ ሰፊ ባርኔጣ ደርበው የተነሷቸው ፎቶግራፎች፣ አዲሱ ነገር በአሮጌው ላይ እንጂ በአሮጌው ቦታ እንዳልገባ ያሳያሉ። የምድር ባቡር በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲደርስ የውጭ ጨርቅ ከቀድሞው ይበልጥ ይገባ ጀመር፤ የሕንድና የዐረብ ነጋዴዎች አቡጀዲውን፣ ካኪውንና ሱፉን ሲያቀርቡ፣ የአርመንና የሌሎችም አገሮች ሰፊዎች በስፌት መኪና ኮትና ሱሪ ይሰፉ ነበር። በ1916 ዓ.ም. አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኮንን መኳንንቱን አስከትለው አውሮፓን ሲጎበኙ፣ ልዑካኑ ካባቸውን ደርበው፣ ሰፊ ባርኔጣቸውን ደፍተው መታየታቸው በዚያ ዘመን ተስማምቶ የነበረውን የአለባበስ ድብልቅ ይገልጻል፤ ነጭ እጀ ጠባብ፣ ከጉልበት በላይ ሰፍቶ ባት ላይ የሚጠብቅ ሱሪ፣ ጥቁር ካባና የውጭ ባርኔጣ አንድ ላይ ሆነው የመኳንንት ልብስ ሆነዋል።

ቀጥሎ ለውጡ ከመኳንንቱ ወደ ተማረው ወጣት ተሸጋገረ። በ1917 ዓ.ም. የተከፈተውን የተፈሪ መኮንንን ትምህርት ቤት የመሰሉ ተቋማት ያፈሯቸው ጸሐፊዎች፣ አስተርጓሚዎችና አስተማሪዎች ወንበርና ጠረጴዛ ባለበት ቢሮ ሲሠሩ የሚያስቸግራቸውን ሸማ በኮት ተኩ። ቃላቱ ራሳቸው ልብሱ በየትኛው በር እንደገባ ይመሰክራሉ፤ ሰደርያ ከዐረብኛ፣ ሸሚዝ ከፈረንሳይኛ፣ ካልሲ ከጣሊያንኛ መጥተው አማርኛ ሆነዋል። ጫማ የሚያሳምረው ልጅ ሊስትሮ መባሉም ከዚሁ ከጣሊያንኛው ወገን ነው። ከዚህ ሁሉ መካከል ያለ ጥርጥር መልካም የሆነው የጫማ መለመድ ነው፤ ቀድሞ ባላባቱ ሳይቀር በባዶ እግሩ ይሄድ፣ ፈረስ ሲቀመጥም አውራ ጣቱን ብቻ እርካብ ውስጥ ያስገባ ነበር፤ በደጋው ቀይ አፈር ውስጥ ያሉ ደቃቅ ቅንጣቶች በባዶ እግር ቆዳ ገብተው የሚያመጡት የእግር እብጠት፣ በልማድ ዝሆኔ የሚባለው በሽታ፣ ጫማ በማድረግና እግርን በመታጠብ የሚከለከል ነው።

የተሰፋው ልብስ ሲስፋፋ የልብስ ንግግር ባሕርይም ተለወጠ። ሸማ ያልተቆረጠ ጨርቅ በመሆኑ ለባሹ በየሁኔታው ይቀርጸዋል፤ ኮት ግን አንዴ በመቀስ ተቆርጦ ስለሚሰፋ የሚናገረው ነገር አስቀድሞ ተወስኗል፤ ስለ ጨርቁ ጥራት፣ ስለ ሰፊው ብልሃትና ስለ ባለቤቱ ኪስ ይናገራል እንጂ ባለቤቱ አሁን በማን ፊት እንደቆመ፣ ደስ ይበለው ወይ ይዘን ሊናገር አይችልም። ቀድሞ ባለጠጋና ድኻ አንድ ነጭ ልብስ ለብሰው በአክብሮት ሥርዐት ይለያዩ እንደነበረ ሁሉ፣ ኋላ በልብሱ ዓይነትና ዋጋ መለያየት ጀመሩ። ያ የቀድሞው ሥርዐት ጌታና ሎሌን የለየ፣ ደረትን በግድ ያስገለጠ ነበርና ሁሉንም መመኘት አይገባም፤ ነገር ግን ለሐዘን፣ ለጸሎትና ለአክብሮት የተለየ አለባበስ ያስተማረ ጥበብ በመሆኑ ሊጠና፣ ሊጻፍና ለልጆች ሊነገር ይገባዋል።

ጥበቡም ፈጽሞ አልጠፋም። ሙሽራው ከሙሉ ልብሱ በላይ ካባ ይደርባል፤ ልጃገረድ ለመጠየቅ የተላኩ ሽማግሎች በኮታቸው ላይ ኩታ ወይም ጋቢ ጣል አድርገው፣ ከዘራቸውን ይዘው ደጅ ይቆማሉ፤ ለቀስተኛ ነጠላውን ዘቅዝቆ ከቀብር ይውላል። ብርድ በበዛበት ምሽት ጋቢውን ተከናንቦ የተቀመጠ ወጣትም ታላቅ ሰው ሲገባ ብድግ ብሎ ጋቢውን ከትከሻው ዝቅ ያደርጋል። ይህን ያስተማረው አባቱ ይሁን አያቱ ላያስታውስ ይችላል፤ ማደግደግ የሚለውን ቃልም ሰምቶት ላያውቅ ይችላል፤ እጁ ግን ሸማው ከትከሻ የሚወርድበትን ጊዜ ያውቃል።