ከመርፌው በፊት ምግብ ብቻ ነበረ

ስለ ስኳር በሽታ በየቤቱ ሲወራ ሁለት ዓይነት ሰው አይጠፋም። አንዱ «መድኃኒቴን እየወሰድኩ ነው» ብሎ ያሻውን ይበላል። ሌላው «ምግቤን ካስተካከልኩ ይበቃኛል» ብሎ መርፌውን ይተዋል። የሕክምናው ታሪክ ለሁለቱም የሚናገረው አለ።

ኢብኑ ሲና (እ.ኤ.አ. 980–1037) «አል-ቃኑን ፊጢብ» በተሰኘው መጽሐፉ ስለዚህ በሽታ ጽፏል። የታሪክ ጸሐፊዎች እንደሚጠቅሱት ካዘዛቸው ነገሮች መካከል ግብጦና አብሽ ይገኙበታል፤ ሁለቱም ከእኛ ጓዳ የማይጠፉ ናቸው። ዐብዱል-ለጢፍ አል-በግዳዲም (1162–1231) ለበሽታው ራሱን የቻለ ጽሑፍ አዘጋጅቶለታል። በሽታው ከቆሽት ጋር መያያዙ የታወቀው ግን ዘግይቶ፣ በ1889 ነው።

ምግብን መቀነስ ምን ያህል እንደሚሠራ ጎልቶ የታየው በጦርነት ጊዜ ነበር። ከ1870 መጨረሻ እስከ 1871 መጀመሪያ የጀርመን ጦር ፓሪስን ከቦ እህል እንዳይገባ አደረገ። ሕዝቡ የፈረስ ሥጋ እስከ መብላት ደረሰ። በዚያ ሁሉ ረሃብ መካከል አፖሊኔር ቡሻርዳ የተባለ ሐኪም አንድ ነገር አስተዋለ። የስኳር ሕመምተኞቹ ተሽሏቸዋል፤ በሽንታቸው የሚወጣው ስኳርም ጠፍቷል። ቡሻርዳ ዳቦና ጣፋጭ እንዲቀንሱ፣ አትክልት እንዲያበዙ፣ ሰውነታቸውንም እንዲያሠሩ ይመክር ነበር። የዛሬ ሐኪም ምክርም ከዚህ ብዙ አይርቅም።

በልጆች ላይ ግን ነገሩ ሌላ ነበር። በ1910ዎቹ አሜሪካዊው ሐኪም ፍሬደሪክ አለን ስኳሩ ከሽንት እስኪጠፋ ሕመምተኛውን ያስርብ፣ ከዚያ ምግቡን በግራም እየመዘነ ይሰጥ ነበር። አትክልቱ እንኳ ኃይል ሰጪው እንዲወጣለት ሦስት ጊዜ ተቀቅሎ ውኃው ይደፋል። የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ልጅ ኤልሳቤጥ ሂውዝ በ1919፣ በ11 ዓመቷ ታመመች። ሦስት ዓመት እንዲህ ቆይታ በ1922 ቶሮንቶ ስትደርስ ክብደቷ 20 ኪሎ ገደማ ነበር። ሌሎች ብዙ ልጆች ይህን ያህልም አልቆዩም። ምግቡ ሞትን አዘገየ እንጂ አላስቀረም። በዚያው ዓመት ጃንዋሪ የ14 ዓመቱ ሌናርድ ቶምሰን በቶሮንቶ ኢንሱሊን ተወግቶ ድኖ ነበርና ኤልሳቤጥም መርፌውን ጀመረች። ዳቦ በላች፤ አደገች፤ ሦስት ልጆች ወለደች፤ የሞተችውም በ1981 ነው።

በ1936 እንግሊዛዊው ሃሮልድ ሂምስዎርዝ በሽታው ሁለት ዓይነት መሆኑን አሳየ። አንደኛው ዓይነት ላይ ቆሽት ኢንሱሊን ማመንጨት ያቆማል፤ ያለ መርፌ መኖር አይቻልም። በሁለተኛው ዓይነት ኢንሱሊን አለ፤ ነገር ግን ሰውነት በደንብ አይታዘዘውም። የፓሪሱ ነገር የሚሠራው ለዚህኛው ነው። በ2017 በብሪታንያ ይፋ በሆነ ጥናት፣ በሽታው ከያዛቸው 6 ዓመት ያልሞላቸውና ኢንሱሊን የማይወስዱ 149 ሰዎች በሐኪም ክትትል ለ3 እስከ 5 ወራት ምግባቸውን እጅግ ቀነሱ። ከዓመት በኋላ 68ቱ ያለ መድኃኒት ስኳራቸው ከበሽታ መጠን በታች ሆኗል።

ታዲያ ምግብ መቀነስ ይህን ያህል ከጠቀመ ረመዷን ራሱ ሕክምና አይሆንም ወይ? የሚል ይኖራል። ጾሙ ዒባዳ ነው፤ አላህም ለሕመምተኛ ፈቃድ ሰጥቷል። በ2001 በ13 አገሮች ከ12 ሺህ በላይ ሙስሊም ሕመምተኞች ላይ የተደረገ ጥናት እንዳሳየው፣ በረመዷን የስኳር አደገኛ መውረድ በአንደኛው ዓይነት ወደ 5 እጥፍ፣ በሁለተኛው 7 እጥፍ ተኩል ጨምሯል። ለዚህ ነው ሐኪሞች ከረመዷን 6 እስከ 8 ሳምንት ቀድማችሁ ኑ፣ የመድኃኒቱ መጠንና ሰዓት ይስተካከል የሚሉት። ጣትን ወግቶ ደም መለካት ጾም አያፈርስም። ልኬቱ ከ70 ከወረደ ወይም ከ300 ካለፈ፣ መግሪብ ሳይጠበቅ ወዲያው ይፈጠራል።