ከሳዮ ገበያ እስከ አውቶቡስ ተራ

ከመርካቶ ወደ ሰሜን የሚወጣ ታክሲ ሊሞላ ሲል ረዳቱ በበሩ ብቅ ብሎ «ፓስተር! ፓስተር!» እያለ ይጣራል። ተሳፋሪው የሚያስበው ሰፈሩን ነው። ሰፈሩ ስሙን ያገኘው ከነጻነት በኋላ በጉለሌ ከተቋቋመውና በፈረንሳዊው ሊቅ በሉዊ ፓስተር ከተሰየመው የምርምር ተቋም ነው። የሊቁ የቤተሰብ ስም ግን በአገሩ ቋንቋ እረኛ ማለት ነው። የፕሮቴስታንት አብያተ ክርስቲያናት አገልጋዮቻቸውን የሚጠሩበት «ፓስተር»ም ከዚያው የላቲን ሥር የተቀዳ ነው።

የሰፈሩና የአገልጋዩ ዝምድና በስም ብቻ አያበቃም። ተቋሙ ከመምጣቱ ከሃያ ዓመት በላይ አስቀድሞ በዚያው በጉለሌ ፕሬስቢቴሪያን የተባለው የፕሮቴስታንት ወገን የአሜሪካ ሚሲዮን ሆስፒታል ቆሞ ነበር። መርካቶ ራሱ ያኔ አልነበረም። የከተማው ገበያ አራዳ፣ ከጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ነበር የሚቆመው። ስለዚህ ከአዲስ ከተማ ብዙ በማይርቀው በዚህ ሰፈር የፕሬስቢቴሪያን አገልጋይ ዱካ ከገበያው ዕድሜ ይበልጣል።

ዱካው የሚጀምረው ከበሽታ ነው። በ1911 ዓ.ም. ኅዳር አዲስ አበባን ያራቆተውን የዓለም ወረርሽኝ ሕዝቡ «የኅዳር በሽታ» ብሎታል። ዛሬም ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻው ተሰብስቦ በየደጁ ሲጨስ፣ ኅዳር ሲታጠን፣ መነሻው የዚያ ዘመን ሰቀቀን እንደሆነ ሽማግሌዎች ይናገራሉ። በሽታው ከዋና ከተማው አልፎ ምዕራቡንም መታ። በወለጋ የሳዮ ገዥ የነበሩት ደጃዝማች ብሩ ከድንበር ማዶ በሱዳን ካሉት የፕሬስቢቴሪያን ሚሲዮናውያን ሐኪም ጠየቁ። ከ1907 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሱዳን ያገለግሉ የነበሩት ዶክተር ቶማስ ላምቢ እ.ኤ.አ. በ1919 ቤተሰባቸውን ይዘው ተሻገሩ። ሳዮ ዛሬ ደምቢ ዶሎ የምንላት ከተማ ናት።

ጥቂት ቆይቶ አልጋ ወራሹ ራስ ተፈሪ ለዋና ከተማውም ሆስፒታል እንዲሠራ ፈለጉ። በኦሃዮ ይኖሩ የነበሩ ጆርጅ የተባሉ አሜሪካዊ ባለሀብት ገንዘቡን ሰጡ፤ የጉለሌው ሆስፒታልም በስማቸው ተጠራ። እንግዲህ ፕሬስቢቴሪያን እምነት ወደ አገሩ የገባው መድኃኒት በያዘ እጅ ነው። ስብከቱ የተከተለው ከአልጋው አጠገብ ነው። ይህን ቅደም ተከተል ማስታወስ ይገባል፤ በኋላ የመጡት ኢትዮጵያውያን አገልጋዮች ጥሪያቸውን የተረዱበትን መንገድ ቀርጾታልና።

ከእነዚያ አገልጋዮች ሁሉ የሚያስደንቀው የጊዳዳ ሶላን ታሪክ ነው።

ጊዳዳ በሳዮ አካባቢ ተወለደ፤ ገና ሕፃን ሳለ ፈንጣጣ ዓይኑን አጠፋው። ዓይነ ስውር ልጅ በዚያ ዘመን የነበረው እንጀራ ልመና ነበር፤ እርሱም ለመነ። ገበያ ለሚያይ ሰው ቀለም ነው፤ ለማያይ ልጅ ድምፅና ሽታ፣ የሳንቲም ክብደት፣ የሚያልፍ ሰው እግር ነው። ከዚህ ኑሮ መካከል የሚሲዮኑን ትምህርት ሰማና አመነ። የኦሮምኛው መጽሐፍ ቅዱስ ኦኔሲሞስ ነሲብና አስቴር ጋኖ ደክመውበት እ.ኤ.አ. በ1899 ታትሞ ስለነበር፣ በወለጋ ወንጌልን በሕዝቡ አፍ ማድረስ አዲስ ነገር አልነበረም። ጊዳዳ የሰማውን በልቡ እየያዘ ያስተምር ጀመር። ትናንት እጁን ዘርግቶ ያዩት ሰዎች አሁን ቆመው ያዳምጡት ጀመር።

ይህን ብዙ ጊዜ የውጭ ሰዎች ተአምር አድርገው ጽፈውታል። ግን በአገራችን ልማድ ዓይን ሲታይ የራሱ ሥር አለው። የቆሎ ተማሪ ደበሎውን ለብሶ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ለምኖ ነው ዜማና ቅኔ የሚማረው። ዳዊቱን በቃሉ የሚወጣ፣ ድጓውን ከነምልክቱ በልቡ የያዘ ዓይነ ስውር መምህር በየገዳሙ ነበር፤ አለም። ልመናና ትምህርት፣ ጨለማና የቃል ዕውቀት በዚህ ምድር ከጥንት ጀምሮ ተጎራብተው ኖረዋል። ጊዳዳ የገባው በአዲስ በር ነው፤ የሄደበት እርምጃ ግን የአያቶቹ አገር እርምጃ ነበር።

ጣሊያን ሲመጣ የጥሪው ፈተና መጣ። አሜሪካውያኑ ሚሲዮናውያን አገሩን እንዲለቁ ተደረገ፤ የሳዮ ምእመናን በኢትዮጵያውያኑ አገልጋዮች፣ በቄስ ማሞ ጮርቃና በቄስ ጊዳዳ ትከሻ ላይ ወደቁ። ደመወዝ የሚልክ፣ ፈቃድ የሚሰጥ የውጭ ቢሮ አልነበረም። ሆኖም ሰዉ አልተበተነም፤ ሚሲዮናውያኑ ሲመለሱ ጥለዋት ከሄዱት ይልቅ የሰፋች ቤተ ክርስቲያን ጠበቀቻቸው። በእነዚያው ዓመታት አዲስ አበባ ላይ ጣሊያኖች የአራዳውን ገበያ ወደ ምዕራብ ገፍተው በራሳቸው ቋንቋ «ሜርካቶ» አሉት። የዛሬው መርካቶና ራሷን የቻለችው የፕሬስቢቴሪያን ቤተ ክርስቲያን በአንድ መከራ ዘመን የተወለዱ ናቸው።

ይህች ቤተ ክርስቲያን ቤቴል ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን ተብላ በይፋ የተቋቋመችው እ.ኤ.አ. በ1947 ነው። የቄስ ጊዳዳ የሕይወት ታሪክ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1972 በእንግሊዝኛ ታተመ። ልጃቸው ዶክተር ነጋሶ ጊዳዳ ከ1987 እስከ 1994 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ፕሬዚዳንት ነበሩ። በሳዮ ገበያ የለመነው ሰው ልጅ ቤተ መንግሥት ገባ።

«ፕሬስቢቴሪያን» የሚለው ስም ለብዙ አማርኛ ተናጋሪ እንግዳ ነው፤ ትርጉሙ ግን የቤት ነው። ከግሪኩ «ፕሬስቢቴሮስ» የመጣ ሲሆን ሽማግሌ ማለት ነው። ከሱርስጥ፣ ከጥንቱ የሶርያ ቋንቋ፣ እንደተወረሰ የሚነገረው የግእዙ «ቀሲስ»ም በመነሻው ሽማግሌ ነው። ስለዚህ አንድን የቤቴል አገልጋይ «ቄስ» ብሎ የሚጠራ ምእመን ሳያውቀው የቤተ ክርስቲያኑን ስም እየተረጎመ ነው። አሠራሩም ከስሙ ጋር ይሄዳል። አገልጋዩ ብቻውን አይወስንም፤ ምእመናን የመረጧቸው ሽማግሌዎች አብረውት ይቀመጣሉ። ጥሪው ከእግዚአብሔር ነው ቢባልም ሕዝቡ «አዎ፣ እኛም አይተናል» ካላለ አይጸናም። ሲሾም በጉባኤ ፊት ቆሞ ይጠየቃል፣ ቃል ይገባል፣ ከዚያ ተንበርክኮ እጅ ይጫንበታል። በዚያች ደቂቃ ትከሻው ላይ የሚያርፈው የብዙ እጆች ክብደት የሥራውን ባሕርይ ከማንኛውም ንግግር በተሻለ ይነግረዋል።

የመርካቶ ሰው ይህን ሥርዓት ለመረዳት ትምህርት አያስፈልገውም። ሁለት ነጋዴዎች ሲጣሉ ፍርድ ቤት ከመሄዳቸው በፊት ሽማግሌ ይቀመጣል። እቁቡ ዳኛ አለው፤ እድሩም ዳኛ አለው፣ ጸሐፊ አለው፣ ድንኳን አለው። ሰው ሲሞት ድንኳኑ ይተከላል፤ ከራጉኤል የሚመጣውም ከአንዋር መስጊድ የሚመጣውም እዚያው አግዳሚ ላይ ይቀመጣል። እዚህ ሰፈር የሚመደብ አዲስ አገልጋይ መጀመሪያ የሚታወቀው በስብከቱ ላይሆን ይችላል፤ ለቅሶ ላይ ስንት ቀን እንደተቀመጠ ይታያል።

በሴሚናሪ የተማረው ግሪክኛ መርካቶ ሲገባ ሌላ ዓይነት ጥያቄ ይገጥመዋል። ዱቤ ወስዶ የጠፋ ደንበኛን ይቅር ማለት እስከ ምን ድረስ ነው? እጣ የሚወጣበት እቁብ ከቁማር ይቆጠራል ወይ? ሸቀጥ ከነገ ወዲያ እንደሚወደድ የሰማ ነጋዴ ዛሬ መጋዘኑን ቢዘጋ ኃጢአት ነው? ጠያቂው እግረ መንገዱን፣ ቆሞ፣ ጣቃውን በክንዱ እየለካ ነው የሚጠይቀው። በምንአለሽ ተራ አሮጌ በርሜል እየተቀጠቀጠ ምድጃ በሚሆንበት ጫጫታ መልሱን ጮክ ብሎ መናገር ያስፈልጋል፤ ጮክ ተብሎ የሚነገር መልስ ደግሞ አጭርና እውነት መሆን አለበት። እምነት በመርካቶ ሚዛን ላይ ይወጣል ቢባል ማጋነን አይደለም፤ ኪሎው ልክ የሆነ ነጋዴ ምስክርነቱ ከመድረክ ይበልጥ ይሰማል።

ወደ ታሪኩ ስንመለስ፣ ቤቴል እ.ኤ.አ. በ1974 ከሉተራውያኑ መካነ ኢየሱስ ጋር ተዋሐደች። ሁለት የተለያየ ወግ ያላቸው አብያተ ክርስቲያናት አንድ የሆኑበት ይህ እርምጃ በዓለም ብዙ አልታየም። ውሕደቱ በሰላም ጊዜ ብቻ የተፈተነ አይደለም፤ ወዲያው ደርግ መጣ፣ በምዕራብ ኢትዮጵያም ብዙ አብያተ ክርስቲያናት ተዘጉ። የመካነ ኢየሱስ ዋና ጸሐፊ ቄስ ጉዲና ቱምሳ፣ በወጣትነታቸው በነቀምት ሚሲዮን ሆስፒታል ቁስል ያጠቡ የነበሩ ሰው፣ ከአገር የሚወጡበት መንገድ ተመቻችቶላቸው እምቢ አሉ። ሐምሌ 21 ቀን 1971 ዓ.ም. በኡራኤሉ የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ሰብከው ሲወጡ ታፍነው ተወሰዱ። የት እንደተቀበሩ የታወቀው ሥርዓቱ ከወደቀ በኋላ ነው። ሐኪም ቤትና ወንጌል፣ ዳቦና ጸሎት አይነጣጠሉም ብለው የጻፉትን እ.ኤ.አ. ከ1972 ጀምሮ የውጭ አብያተ ክርስቲያናት ሳይቀሩ ተከራክረውበታል። መነሻው ግን የነቀምት የቁስል ጨርቅ ነው።

ለብዙ ዐሥርት ዓመታት ከወለጋ ወደ አዲስ አበባ ለትምህርትም ለአገልግሎትም የሚመጣ ወጣት የሚወርደው አዲስ ከተማ፣ አውቶቡስ ተራ ነበር። ከደምቢ ዶሎ በጊምቢ፣ በነቀምትና በአምቦ አድርጎ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ አቧራው ፀጉር ውስጥ ገብቶ፣ እግር አብጦ ይደረሳል። ሞተሩ ሲጠፋ መጀመሪያ የሚመጡት ተሸካሚዎቹ ናቸው፤ ሻንጣውን ከጣሪያው ሳይወርድ ይሻሙበታል። ጫጫታው ትንሽ ሲረግብ በመስኮቱ ሥር አንድ ድምፅ ይሰማል፤ ትንሽ ልጅ እየመራው የመጣ ዓይነ ስውር ነው፣ በዜማ ይለምናል። ከሳዮ የመጣው ወጣት ሻንጣውን መሬት አስቀምጦ ኪሱን ይፈትሻል።