የወገብ ታሪክ፦ ከወጌሻ እስከ ፊዚዮቴራፒስት



ከደባርቅ ተነሥቶ ወደ ሳንቃ በር የሚወጣ ሰው በመንገዱ ላይ ሁለት ዓይነት ጭነት ያያል። አንደኛው የቱሪስቱ ጓዝ ነው፤ ድንኳኑና ሻንጣው በበቅሎ ተጭኖ ይሄዳል። ሁለተኛው የማገዶ እንጨት ነው፤ እርሱ የሚሄደው በሴት ጀርባ ነው። የፊዚዮቴራፒ መምህር እንደ መሆኔ መጠን ይህን መንገድ በተመላለስሁ ቁጥር ዓይኔ ከተራራው ይልቅ በጀርባ ላይ ያርፋል። የዛሬው ንግግሬም ስለ ወገብ ነው። የወገብ ሕክምና ከማሰርና ከማስተኛት ወደ ማንቀሳቀስ እንዴት እንደ ተሻገረ፣ በዚያም ጉዞ ውስጥ አገራችን የት እንደ ነበረች ለማሳየት እሞክራለሁ።

ቋንቋችን ለወገብ ትልቅ ስፍራ ይሰጣል። ለሥራ የተዘጋጀ ሰው ወገቡን ታጠቀ ይባላል፤ መርዶ የደረሰው ሰው ወገቤ ተቆረጠ ይላል። ሕክምናውም እንደ ሕመሙ የቆየ ነው። ወለምታን የሚያሽ፣ ውልቃትን የሚመልስ፣ ስብራትን በቀርከሃ የሚያስር ወጌሻ ነው። ለጀርባ ቁርጥማት ደግሞ በቀንድ የሚደረግ ዋግምት አለ። እ.ኤ.አ. በ2016 በሪዮ ኦሎምፒክ አሜሪካዊው ዋናተኛ ማይክል ፌልፕስ በትከሻው ላይ ክብ ክብ ምልክት ይዞ ሲታይ ዓለም አዲስ ነገር ያየ መስሎት ነበር፤ የእኛ ሽማግሌዎች ቢያዩት ግን ዋግምት ነው ብለው ባለፉት ነበር። (ጥቅሙን የሚደግፈው ማስረጃ እስካሁን ደካማ ነው፤ ሜዳሊያው የመጣው ከዋናው እንጂ ከምልክቱ አይደለም።)

ወጌሻን ማንቋሸሽ አልፈልግም። በጣቱ ያለው ዕውቀት እኛ በክፍል ውስጥ ለማስተማር ወራት የሚፈጅብን ነው። ዳሩ ግን አጥብቆ የታሰረ ቀርከሃ የደምን ዝውውር አግዶ እጅና እግር ለመቆረጥ እንደሚዳርግ የቀዶ ሕክምና ባለሙያዎቻችን ደጋግመው ጽፈዋል። የእግር ኳስ ዘጋቢዎቻችን ቦርሳውን ይዞ ወደ ሜዳ የሚሮጠውን ባለሙያ ዛሬም ወጌሻ ይሉታል። አንዳንድ ተማሪዎቼ በዚህ ስም ይከፋሉ፤ እኔ ግን ሕዝብ ሙያችንን በምን በኩል እንደሚያውቀው ስለሚነግረኝ አልከፋም። የሚያውቀው በሚያሽና በሚያስር እጅ ነው። ማንቀሳቀስ በራሱ መድኃኒት ነው የሚለው አሳብ የመጣው በሌላ መንገድ ነው።

ከዚያ አሳብ ዋና ዋና ምንጮች አንዱ ስዊድን ነው። ፔር ሄንሪክ ሊንግ እ.ኤ.አ. በ1813 በስቶክሆልም የጂምናስቲክ ተቋም ሲመሠርት፣ ሥርዓት ያለው እንቅስቃሴ ለወታደርም ለበሽተኛም እንደሚጠቅም ያስተምር ነበር። ይህ ትምህርት ወደ እኛ የገባው በሆስፒታል በር ሳይሆን በጦር ሠራዊት በር ነው። ከፋሺስት ወረራ በኋላ የክብር ዘበኛ ዕጩ መኮንኖችን እንዲያሠለጥኑ ስዊድናውያን ተቀጠሩ፤ የኋላው የአትሌቲክስ አሠልጣኝ ኦኒ ኒስካነንም እ.ኤ.አ. በ1946 ወደ ኢትዮጵያ መጣ። ከክብር ዘበኛ ወታደሮች አንዱ አበበ ቢቂላ ነበር።

ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. አበበ በቶኪዮ ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ፈጸመ። የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ካደረገ ስድስት ሳምንት እንኳ አልሞላውም ነበር። መስመሩን ካለፈ በኋላ በሜዳው ሣር ላይ ሆኖ እግሩንና ወገቡን እያፍታታ ስፖርት መሥራት ጀመረ፤ ተመልካቹ በአድናቆት ጮኸ። ብዙዎች ይህን የጉልበት ትርኢት አድርገው ይተርኩታል። እኔ ፊልሙን ባየሁ ቁጥር የምመለከተው ሌላ ነገር ነው፤ የስዊድን ጂምናስቲክ በአንድ ኢትዮጵያዊ ወታደር አካል ላይ ልማድ ሆኖ እንደ ነበር አያለሁ።

አሁን ጥቂት ወደ ኋላ ልመልሳችሁ። አበበ ሮምን በባዶ እግሩ ያሸነፈው ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ በእንቁጣጣሽ ዋዜማ ነው። ከስምንት ቀን በኋላ በዚያችው ከተማ ሌላ ውድድር ተከፈተ፤ ተወዳዳሪዎቹ ተሽከርካሪ ወንበር ላይ ነበሩ። ዛሬ የመጀመሪያው ፓራሊምፒክ ተብሎ የሚቆጠረው እርሱ ነው። ከጀርባው የነበረው ሰው ከናዚ ጀርመን የሸሸ አይሁዳዊ የነርቭ ሐኪም፣ ሉድቪግ ጉትማን ነው። እርሱ እ.ኤ.አ. በ1944 በእንግሊዝ በስቶክ ማንደቪል ሆስፒታል የሕብለ ሰረሰር ጉዳት ማዕከል ሲከፍት፣ ወገቡ ተመትቶ ሽባ የሆነ ሰው በአልጋ ቁስልና በሽንት መስመር ኢንፌክሽን ብዙም ሳይቆይ እንደሚሞት ይታመን ነበር። ጉትማን በሽተኞቹ በየሁለት ሰዓቱ እንዲገላበጡ አዘዘ፤ ቀጥሎም ቀስትና ኳስ አስያዛቸው። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1948፣ የለንደን ኦሎምፒክ በተከፈተበት ዕለት፣ 16 ሽባ የሆኑ ወታደሮችና ሴቶች በሆስፒታሉ ግቢ ቀስት ተወዳደሩ።

መጋቢት 1961 ዓ.ም. አበበ ሸኖ አካባቢ በመኪና አደጋ አንገቱ ላይ ተጎድቶ ሽባ ሲሆን የተወሰደው ወደዚሁ ስቶክ ማንደቪል ነው። በዚያ ወራት ቆይቶ እጆቹ ተመለሱለት፤ እግሮቹ ግን አልተመለሱም። በማግሥቱ ዓመት በስቶክ ማንደቪል ጨዋታዎች በቀስትና በጠረጴዛ ቴኒስ ተወዳደረ፤ እ.ኤ.አ. በ1971 ደግሞ በኖርዌይ በበረዶ ላይ በውሻ በሚጎተት ሸርተቴ ውድድር አሸነፈ። ያረፈው ጥቅምት 15 ቀን 1966 ዓ.ም. ነው። በየትምህርት ቤቱ ስለ ሮም እናስተምራለን፤ ስለ ቀስቱ ግን ብዙ አንናገርም። እንደ እኔ አስተያየት የሁለተኛው አበበ ታሪክ ለሕክምና ተማሪ ከመጀመሪያው ይበልጣል።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ይነሣል። ጀግናው በአውሮፕላን ወደ እንግሊዝ ሄደ፤ በአገር የቀረውስ? በዚያው ዘመን አዲስ አበባ ላይ በ1958 ዓ.ም. የተቋቋመው አለርት የሥጋ ደዌ ሕሙማንን እጅና እግር ወደ ሥራ ለመመለስ ይደክም ነበር። በእኛ በኩል የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ በ1947 ዓ.ም. የተከፈተው በደምቢያ የወባ ወረርሽኝ ብዙ ሺህ ሰው ካለቀ በኋላ ነው፤ ስለዚህ ትኩረቱ በተላላፊ በሽታ ላይ መሆኑ ትክክል ነበር። ነገር ግን የሚገድል በሽታ ሲቀድም የማይገድለው ወረፋ ይጠብቃል። በጎንደር በዲግሪ ደረጃ ፊዚዮቴራፒ ማስተማር የተጀመረው ኮሌጁ ከተከፈተ አርባ ዓመት አልፎ፣ በ1990ዎቹ ዓ.ም. ነው። የወገብ ሕመም አይገድልም፤ በጸጥታ ከሥራ ያስቀምጣል እንጂ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ሕመሙ ያለባቸው ሰዎች 619 ሚሊዮን እንደ ነበሩ አስታውቋል።

ስለ እንክብካቤው ያለኝን አስተያየት እንድሰጥ በተደጋጋሚ ስለምጠየቅ ባጭሩ ልናገር። በወጣትነቴ ወገቤን አሞኝ አንድ ሐኪም ጠንካራ ፍራሽ ላይ ሦስት ሳምንት ተኛ አለኝ፤ ታዘዝሁ፤ ስነሣ ከበፊቱ ብሶብኝ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1986 ሪቻርድ ዴዮና ባልደረቦቹ ባወጡት ጥናት ሁለት ቀን እንዲተኙ የታዘዙት ሰባት ቀን ከታዘዙት ይልቅ ከሥራ የቀሩት ለጥቂት ቀን ነው፤ በሕመሙ ግን ልዩነት አልታየም። ዛሬ ደግሞ ፋሽኑ ኤምአርአይ ነው። ገበሬው በሬ ሸጦ ይነሣና "ዲስክ ተንሸራቷል" የሚል ወረቀት ይዞ ይመለሳል፤ ከዚያች ቀን ጀምሮ ዕቃ ማንሣት ይፈራል። እ.ኤ.አ. በ1994 የወገብ ሕመም የሌለባቸው 98 ሰዎች ተነሥተው ከግማሽ በላይ በሚሆኑት ዲስካቸው አብጦ ታይቷል። ፎቶግራፉ የሚያሳየው ብዙ ጊዜ ዕድሜን ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው መመሪያ ለሰነበተ የወገብ ሕመም ትምህርትንና የአካል እንቅስቃሴን ሲመክር፣ የወገብ ቀበቶን አልደገፈም። ይህን ስል መቀነት የሚጠሉ ሰው አድርጋችሁ አትውሰዱኝ፤ መቀነት ለልብስ ጥሩ ነው። እግር መደንዘዝ፣ ሽንት መያዝ አለመቻል፣ ትኩሳት ወይም የሰውነት መክሳት ካለ ግን ጉዳዩ ሌላ ነውና ሳይውሉ ሳያድሩ ሐኪም ዘንድ መሄድ ይገባል።

በአውሮፓና በአሜሪካ ሙያችንን ወደ ፊት የገፋው የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ቁስለኛ ነው። እኛም ጦርነቱን አግኝተነዋል። በ2013 ዓ.ም. ነሐሴ መጨረሻ ግንባሩ ዳባት ወረዳ ደርሶ በጭና ሰላማዊ ሰዎች ተገደሉ፤ ደባርቅ በተፈናቃይ ተሞላች፤ ከዚያም ወዲህ በክልላችን የጥይት ድምፅ አልተቋረጠም። ጥይት የወጣለት ወጣት ቁስሉ ሲደርቅ ዳነ ተብሎ ወደ ቀዬው ይላካል። ጉልበቱ ሳይታጠፍ ይደርቃል፤ ጡንቻው ይከሳል፤ በሁለተኛው ዓመት እርሻውን ለእኩል ይሰጣል። የምናስመርቃቸው ፊዚዮቴራፒስቶች ግን በአብዛኛው የሚገኙት በትልልቅ ከተሞች ሆስፒታሎች ነው። በዞን ዋና ከተማ ያለ ሆስፒታል እንኳ አንድ ባለሙያ ሲመደብለት እንደ ቅንጦት ይቆጠራል፤ ይህን የምናገረው በቁጭት ነው።

ባለፈው በጋ ከሳንቃ በር ስመለስ አንዲት እናት እንጨታቸውን አሳርፈው መንገድ ዳር ተቀምጠው አገኘኋቸው። ሙያዬን ሲሰሙ ወገባቸውን አሳዩኝ፤ ከዚያ ቀደም ሲል አንድ ሐኪም ሸክም እንዲያቆሙ ነግሯቸው ነበር። "የኔ ጌታ፣ እኔ ካልተሸከምሁ ማን ይሸከምልኛል?" አሉኝ። አይሸከሙ አላልኋቸውም። ጭነቱን ለሁለት ከፍለው፣ ወደ ጀርባቸው አስጠግተው፣ በየመሐሉ እያረፉ እንዲወስዱት ማስረዳት ጀመርሁ። ዝም ብለው ሰሙኝና፣ ሁለት ጊዜ መመላለስ ማለት የግማሽ ቀን መንገድ መሆኑን ነገሩኝ። እንጨቱን አግዤ አሸከምኋቸው።