ኤፒንግ ደን (የጠጠር መንገድ ብስክሌት)

በሰሜን ምሥራቅ ለንደንና በኤሴክስ ድንበር፣ በሊና በሮዲንግ ወንዞች ሸለቆዎች መካከል ባለ ኮረብታ ላይ የተዘረጋ፣ 2,400 ሄክታር ገደማ የሚሸፍን ጥንታዊ ደን። መኪና በማይገባባቸው የጠጠርና የአፈር መንገዶቹ ብስክሌት ይነዳበታል። በደኑ እንደ ልብ የመንቀሳቀስ ነጻነት በቀላሉ አልተገኘም፤ ባለርስቶች ደኑን እያጠሩ ሲወስዱት የታደገው እ.ኤ.አ. የ1878ቱ የኤፒንግ ደን ሕግ ነው። ጥበቃው ለለንደን ሲቲ ኮርፖሬሽን ተሰጠ፤ በ1882 ንግሥት ቪክቶሪያ በደኑ ውስጥ እስካለው ሃይ ቢች ድረስ መጥተው ደኑን ለሕዝብ ከፈቱት። ዳገቶቹ አጫጭር ቢሆኑም ይደጋገማሉ። በዝናባማ ወራት ሸክላው አፈር ስለሚጨቀይ ሰፊ ጎማ ይመረጣል። በብረት ዘመን ምሽጎቹ፣ በሎውተን ካምፕና በአምብረስበሪ ባንክስ፣ ጎማ አፈሩን እንዳይሸረሽረው ብስክሌት መንዳት ክልክል ነው፤ ተገቢ ክልከላ ነው።